ሠዓሊና ተማሪ አብረው የሚሠሩት የትምህርት ቤት ግድግዳ፦ ውሳኔው የማን ይሁን?

የሥዕል መምህርት (ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የማስተምርበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊት አጥር በሥዕል እንዲሸፈን ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተስማምተናል። ሁለት ሠዓሊዎች ያለ ክፍያ ሊያግዙን ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችም በሥነ ጥበብ ክበቡ በኩል እየተመዘገቡ ነው። አሁን ግን በሁለት ሐሳብ ተከፍለናል። አንደኛው ወገን ሠዓሊዎቹ ንድፉን አዘጋጅተው መስመሩን በግድግዳው ላይ ያውጡ፣ ልጆቹም በተሰመረላቸው ቦታ ውስጥ ቀለም ይቀቡ ይላል። ሁለተኛው ወገን ርዕሰ ጉዳዩን ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የብሩሽ ጭረት ድረስ ልጆቹ ይወስኑ፣ ሠዓሊዎቹ ሙያቸውን ያካፍሉ ይላል።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳዎች ላይ የአፍሪካ ካርታ፣ የምግብ መፈጨት ሥርዓት፣ የማባዣ ሠንጠረዥና የፊደል ገበታ ተሥለው እናያለን። ለትምህርት ስለሚረዱ አልነቅፋቸውም። ሆኖም እነዚህን ሥዕሎች ያሳላቸው አዋቂ፣ የሣላቸውም አዋቂ ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ውሎ የሚገባው ልጅ ስለሚኖርበት ሰፈር፣ ስለሚፈራው ወይም ስለሚወደው ነገር አንዳች የተናገረበት ግድግዳ እምብዛም አላየሁም። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ብሎ ሥዕልን ከሙዚቃ፣ ከውዝዋዜና ከድራማ ጋር አንድ ላይ ያስተምራል፤ ልጁ በክፍል ውስጥ እንዲፈጥር ከተፈቀደለት በአጥሩ ላይ የሌላ ሰው መስመር ሞዪ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማስተካከል የምንለው ነገር ነው። ልጁ በሣለው ፊት ላይ አዋቂ መጥቶ ዓይኑን ሲያቃና፣ እጁን ሲያስረዝም፣ ልጁ አናቶሚ አይማርም፤ የገዛ ዓይኑን አለማመን ይማራል።

በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ ያያችሁ ወይም የሠራችሁ ካላችሁ፣ ውሳኔውን ማን እንደያዘው በዝርዝር ብትነግሩን እጅግ እንጠቀማለን።

ቀለም በጥባጭ (ሠዓሊ፣ አዲስ አበባ)

መምህርት፣ ለልጆቹ ያለዎትን ተቆርቋሪነት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከሠዓሊ ወገን ሆኜ ልከራከርዎት።

የአጥር ግድግዳ በደብተር ላይ እንደሚሣል ሥዕል አይደለም። ልጁ በአንድ ወረቀት ላይ የሣለው ቤትና ዛፍ በወረቀቱ ልክ የተመጠነ ነው፤ ያው ሥዕል አርባ ሜትር በሚረዝም ግድግዳ ላይ ከሌሎች ስልሳ ሥዕሎች ጎን ሲሰፍር ከመንገዱ ማዶ ለሚያየው ሰው የተበታተነ ነጠብጣብ ከመሆን አያልፍም። ከሩቅ የሚታይ ሥራ ስፋትን፣ የቀለም ሚዛንን፣ የዓይን መንገድን ማወቅ ይጠይቃል፤ ይህም በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ዓመታት ተምረን የምናገኘው ሙያ ነው። ሠዓሊው ይህንን ኃላፊነት ከትከሻው አውርዶ ለልጆች ቢያሸክማቸው ነፃነት ሰጣቸው አልልም፤ ሙያውን ነፈጋቸው እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የአምስት ዓመት ሕፃን በሣለው ሁሉ ይደሰታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን የሣለው ፈረስ ፈረስ አለመምሰሉን ያያል፤ ብዙዎቹ ሥዕልን ለዘለዓለም የሚተዉት በዚህ ዕድሜ ነው። እርስዎ የመዘገቧቸው ልጆች እዚሁ ዕድሜ ላይ ናቸው። "እንዳሻህ ሣል፣ ሁሉም ቆንጆ ነው" ማለት ለእነርሱ ምስጋና አይሆንላቸውም፤ ብርሃንና ጥላን፣ ርቀትን፣ የሰውነትን ምጣኔ እንዲያሳያቸው የሚፈልጉት ሰው አጠገባቸው ቆሞ ዝም አለ ማለት ነው።

ከሎስ አንጀለስ

ሰላም ለሁላችሁ። በፌርፋክስ ጎዳና ካለው የትንሿ ኢትዮጵያ ሰፈር ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ከተራራው ባሻገር ወዳለው የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የሚሻገር ሰው ቱሁንጋ ዎሽ የሚባል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያገኛል። በቦዩ የኮንክሪት ግድግዳ ላይ የካሊፎርኒያ ታሪክ ከጥንተ ጥንት ጀምሮ በተከታታይ ተሥሏል። ርዝመቱ 2,754 ጫማ፣ ማለትም ወደ 840 ሜትር ነው። የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግንብ ይሉታል። መምህርት ለጠየቁት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የማውቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል እ.ኤ.አ. በ1974 ቦታውን ለማሳመር ሠዓሊት ጁዲት ባካን አነጋገረ። ሥዕሉ የተጀመረው በ1976 የበጋ ዕረፍት ሲሆን፣ በዚያ የመጀመሪያ ወቅት 80 ወጣቶች፣ 10 ሠዓሊዎችና 5 የታሪክ ባለሙያዎች ተሰልፈው 1,000 ጫማ ሸፍነዋል። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ተነካክተው የነበሩ ናቸው። ሥራው በአምስት የበጋ ወቅቶች እስከ 1983 ቀጥሎ ከ400 በላይ ወጣቶች ተሳትፈውበታል፤ ለሠሩበትም ተከፍሏቸዋል። ባካ ሆን ብላ የተለያየ ዘርና ሰፈር ያላቸውን፣ በሌላ ጊዜ አንዱ የሌላውን መንገድ የማይረግጡትን ልጆች በአንድ ቡድን አሠለፈቻቸው።

አሁን ወደ ውሳኔው ልምጣ። በግድግዳው ላይ የመጨረሻውን መስመር በማውጣት ረገድ ሠዓሊዎቹ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ንድፉ በትንሽ ተሠርቶ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ ወደ ግንቡ ተላልፏል። ይሁን እንጂ መስመር ከመውጣቱ በፊት የነበረው ሥራ ረጅም ነው። የታሪክ ባለሙያዎችን አዳምጠዋል፤ ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን ጠይቀዋል፤ በየትኛው ታሪክ ላይ ይተኮር በሚለውም ተከራክረዋል። በዚህም ምክንያት በግንቡ ላይ የተሣለው በመማሪያ መጽሐፍ ዳር ዳር ሲባልለት የኖረው ታሪክ ነው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ወደ ማጎሪያ ሲወሰዱ፣ በ1930ዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች በባቡር ተጭነው ሲባረሩ ይታያል።

ስለዚህ "መስመሩን ማን ያውጣ" የሚለው ጥያቄ ለእኔ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው "ምን ይነገር፣ ያንንስ ማን አጥንቶ ያምጣ" የሚለው ነው። ልጁ ያጠናውን፣ የተከራከረበትን ነገር በሠዓሊው መስመር ውስጥ ቢቀባም ሥራው የእርሱ ነው። ምንም ሳያጠና እንዳሻው ቢሥል ግን በቴሌቪዥንና በስልክ ያየውን ነው ደግሞ የሚሥለው።

ርዕሰ መምህር (ምሥራቅ ጎጃም)

አጭር አስተያየት ልስጥ። እኔ በምመራው ትምህርት ቤት ይህንን ሐሳብ ያላነሳነው ስለማንወደው አይደለም። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ የክፍል ጥበት፣ የፈረቃ ትምህርት ጊዜውን ይበሉታል። ለሳምንታት ጥናትና ክርክር የሚሆን ክፍለ ጊዜ ከየት እናምጣ? ርዕሱን ትምህርት ቤቱ ቢመርጥ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ባሕር ዳር ለምትገኝ ትምህርት ቤት ደግሞ ከጣና ሐይቅና ከደንገል ታንኳ የተሻለ ርዕስ ምን አለ?

ከሎስ አንጀለስ

ርዕሰ መምህር፣ የጊዜ እጥረቱ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው እነ ባካ በትምህርት ቤት ዕረፍት የሠሩት። ጣና ግሩም ርዕስ ነው፤ ሆኖም ከቢሮ ተመርጦ ሲመጣና ልጆቹ ደርሰውበት ሲመጣ ሁለት የተለያየ ግድግዳ ይሆናል። ከቢሮ ሲመጣ ታንኳ፣ ጀንበር ስትጠልቅና ጉማሬ ይሆናል፤ ይኸውም በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ አለ። ልጆቹ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ታንኳ የሚሠሩትን፣ ከከተማው ሰው ተገልሎ የኖረውን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች "ደንገሉ ከየት ይመጣል? አንድ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል? እምቦጭ ከመጣ ወዲህ ምን ተለወጠ? ከእናንተ ጋር ሰው እንዴት ይኖር ነበር?" ብለው ቢጠይቁ፣ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ታሪክ ከተማው ስለ ራሱ ሳይናገር የቆየው ይሆናል። ከእነዚያ ቤተሰቦች የመጡ ልጆችም በዚያው ክፍል ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለእነርሱ የአባታቸው እጅ ሥራ በትምህርት ቤታቸው ፊት ላይ መታየቱ ምን ማለት እንደሆነ ልገምት እንኳ አልደፍርም።

የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

የሎስ አንጀለሱን ግንብ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ሥራ ላምጣ። ከጊዛ ፒራሚዶች ብዙም በማይርቅ ሐራኒያ በተባለ የግብፅ መንደር፣ አርክቴክቱ ራምሲስ ዊሳ ዋሲፍ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሽመና ማዕከል አቋቋመ። ከዚያ በፊት በጥንታዊቷ ካይሮ ራሱ በነደፈው ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ከክፍል ሰዓት ውጪ ሽመና ያስተምር ነበር። ወደ መንደሩ ከሄደ በኋላ የገበሬ ልጆችን ሰብስቦ የሽመናውን ዕቃ ሰጣቸውና ሦስት ነገር ከለከለ። በወረቀት ላይ ንድፍ ማዘጋጀት አይፈቀድም፤ ልጁ በቀጥታ በሽመናው ላይ እያሰበ ይሠራል። ከሌላ ሠዓሊ ሥራ መቅዳት አይፈቀድም። አዋቂ በልጁ ሥራ ላይ ነቀፌታ መሰንዘርም ሆነ እጁን ማስገባት አይፈቀድለትም፤ ይህ ክልከላ በመሥራቹ በራሱ ላይም የጸና ነበር።

ሱፉን የሚያቀልሙት በማዕከሉ ግቢ ከሚበቅሉ ዕፅዋት በሚወጣ ቀለም ነው። ከልጆቹ እጅ የወጡት የተምር ዛፍ፣ የአእዋፍ፣ የገበያና የውሃ ዳር ሥራዎች በብዙ አገር ሙዚየሞች ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ማዕከሉም እ.ኤ.አ. በ1983 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ተሸልሟል። በልጅነታቸው የጀመሩት ሸማኔዎች አድገው፣ ወልደው፣ ሸምግለው እዚያው ሲሠሩ መኖራቸው ደግሞ ከሽልማቱ ይልቅ እኔን ያስደንቀኛል።

ሠዓሊው ወንድሜ "ዝም ያለ መምህር ሙያውን ነፈገ" ብሏል። ዊሳ ዋሲፍ ግን ስለ ሥዕሉ ዝም ይበል እንጂ ስለ ዕቃው ዝም አላለም። ክር እንዴት እንደሚወጠር፣ ቀለም እንዴት እንደሚነከር፣ ጠርዙ እንዳይጣመም ምን እንደሚደረግ በጥንቃቄ አስተምሯል። የእጅ ሙያን ማስተማርና በልጁ ዓይን መግባት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሥራ ያሳየ ሰው ነው።

የሥዕል መምህርት (ባሕር ዳር)

ሁለቱን ምሳሌዎች ደጋግሜ አነበብኋቸው። ሲታዩ ይቃረናሉ፤ በአንዱ ጥናት፣ ንድፍና ሰፊ የሠዓሊ አመራር አለ፤ በሌላው ንድፍ ጭራሽ የለም። እኔ እንደገባኝ ልዩነቱን ያመጣው የሥራው ጠባይ ነው። በሐራኒያ አንድ ልጅ በአንድ ሽመና ፊት ለወራት ይቀመጣል፤ ሥራውን የሚጋራው ሰው ስለሌለ የሚስማማበትም ሰው አያስፈልገውም። በቱሁንጋ ዎሽ ግን ሰማንያ ሰው አንድ ግድግዳ ላይ ቆሟል፤ ካልተመካከሩ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል። የእኛ አጥር ለሁለተኛው ይቀርባል። የሐራኒያን ሦስተኛ ክልከላ ግን፣ ማለትም በልጁ ሥራ ላይ እጅ አለማስገባትን፣ አልተወውም፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማዕከል እርሱ ነው።

ርዕሱን በተመለከተ፣ ስለ ጣና ለልጆቹ አልነግራቸውም። ራሳቸው ከደረሱበት ግን ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ የሚወስዳቸውን ሰው ከወዲሁ አነጋግራለሁ።

ከበርሊን

ከሥዕል ወጣ ብዬ ስለ ውዝዋዜ ልናገር፤ ጉዳዩ ያው ስለሆነና ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ክር ስላለው ነው።

ብሪታኒያዊው የውዝዋዜ ንድፍ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ ካርሚና ቡራና የተባለውን የካርል ኦርፍ የሙዚቃ ድርሰት በውዝዋዜ በመድረክ አሳየ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቲያትር ተወለደ፤ 18 ወጣቶች ለአምስት ዓመት ሠልጥነው እነርሱም በተራቸው ሌሎች ልጆችንና አካል ጉዳተኞችን ማስተማር ጀመሩ። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣት ጥበበኞችን ከታላላቆች ጋር በሚያጣምረው የሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው የውዝዋዜ ንድፍ ባለሙያ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ለመሥራት በቅቷል። ማልዱም ከአዲስ አበባው ሥራ ከዓመታት በኋላ፣ በጥር 2003፣ በወቅቱ በሳይመን ራትል ይመራ ከነበረው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር 250 የበርሊን ትምህርት ቤቶች ልጆችን አሰልፎ የጸደይ ሥርዓት በተባለው የስትራቪንስኪ ሙዚቃ በትሬፕቶው ሰፈር ባለው ትልቅ አዳራሽ አስጨፈራቸው። ጀርመን ውስጥ ስለ ልጆችና ጥበብ በተነሣ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይኸው ሥራ ነው።

ማልዱም እንቅስቃሴውን በአብዛኛው የሚወስነው ራሱ ነበር። ልጆቹ ሲሳሳቁ ያስቆማቸዋል፤ ጸጥታ ይጠይቃል፤ "ልጆቹ ይህን ያህል አይችሉም" የሚሉ መምህራንን አይሰማም። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ መምህርት ከሚሉት ጋር የሚጣላ ይመስላል። እኔ ግን በውስጡ ያየሁት ትልቅ አክብሮት ነው፤ ልጆቹን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ተወዛዋዥ ቆጥሯቸዋል፤ ለባለሙያ የሚጠይቀውን ጠይቋቸዋል። ከልጆቹ ብዙዎቹ እንደዚያ አምኖ የጠየቃቸው አዋቂ ከዚያ በፊት አልገጠማቸውም ነበር። ስለዚህ ውሳኔው የማን ነው ከሚለው ጋር ሌላ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ ከልጁ ምን ያህል ይጠበቃል? ትንሽ የሚጠብቅ ሠዓሊ ሁሉንም ውሳኔ ለልጁ ቢሰጠውም አላከበረውም።

የሁለት ተማሪዎች እናት (ደሴ)

እኔ ሠዓሊም መምህርትም አይደለሁም፤ ስፌት እሰፋለሁ። ጽሑፎቻችሁን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁላችሁም ባለሙያውን ስትፈልጉ ከጥበብ ትምህርት ቤት ትፈልጋላችሁ። በየግቢው ግን ሌማት፣ ሙዳይ፣ መሶብ የሚሰፉ እናቶች አሉ፤ ልጆቹ ከእኛው ቤት ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት።

በመስከረም ስንደዶውንና አክርማውን ለቅመን፣ ቀለሙን ነክረን፣ ወስፌ ይዘን ከመሃል ተነስተን ስንሰፋ በወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የለንም። ሐረጉ ዙሮ ሲመጣ እንዲገጥም ግን በየዙሩ መቁጠር አለብን፤ ክቡ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩም ይሰፋል። ልጄ ክፍልፋይን ከደብተሩ ከተማረው ይልቅ ከእኔ ሙዳይ ላይ ነው የተረዳው። እንዲህ ያሉ እናቶች ለሁለት ከሰዓት በኋላ እንኳ ወደ ክበቡ ቢጋበዙ፣ ልጆቹ ለግድግዳው ዳር የሚሆን ሐረግ ከእናቶቻቸው ጋር ያወጣሉ። ሠዓሊውም አርባ ሜትሩን ምን እንደሚያያይዘው ሲጨነቅ ነበርና መልሱ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ደግሞ ስለ ቀለሙ ጤንነት ማንም አላነሣም። ልጆች እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ ለወላጅ ይህ ከሁሉ ይቀድማል።

የቀለም ቅብ ባለሙያ (አዳማ)

እኅቴ ያነሣችው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከእርሱ ልጀምር። አደገኛው በቀለም ውስጥ የሚገባው ሊድ የተባለው ብረት ነው፤ የልጅን አእምሮና ነርቭ ይጎዳል፤ ለልጅ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። በአብዛኛው የሚገኘው በዘይት ቀለም ውስጥ፣ ይልቁንም በደማቅ ቢጫና በቀይ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ በውሃ የሚበጠበጠውን የፕላስቲክ ቀለም ብቻ ስጡ፤ በጣሳው ላይ ሊድ እንደሌለው የተጻፈበትን ምረጡ፤ የድሮ ቅብ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ካለበት ልጆቹ በሌሉበት፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውሃ እየረጩ ይሁን።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። ዕረፍቱ ክረምት ላይ ስለሚውል ልጆቹ ጊዜ የሚያገኙት ግድግዳው በሚረጥብበት ወቅት ነው። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይነፋል፣ ከዚያም ይላጣል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ መነካት የለበትም። ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበትም አለ፤ የታችኛውን ሁለት ሦስት ስንዝር ሥዕል ባታስገቡበት ይሻላል።

በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ በኖረው የግድግዳ ሥዕል መርሐ ግብር ለዚህ ጥሩ ዘዴ አላቸው። ሥዕሉን በስስ ጨርቅ ላይ፣ በቤት ውስጥ፣ ቁራጭ በቁራጭ ይሥሉትና በኋላ በአክሪሊክ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። በዚህ ምክንያት መሰላል ላይ የማይወጡ ልጆች፣ አረጋውያን፣ እስረኞችም ጭምር ይሳተፋሉ። ያ ጨርቅ እኛ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ለታፔላ የምንጠቀምበት ላሜራ ግን ያገለግላል። ብረታ ብረት ቤት ጠርዙን አጥፎ እጅ እንዳይቆርጥ ያድርገው፤ የዝገት መከላከያውን አዋቂ ይቀባው፤ ከደረቀ በኋላ ነጭ መደብ ተቀብቶ ለልጆቹ ይሰጥ። ኮምፔንሳቶ ይረክሳል፤ ነገር ግን ዝናብ ካገኘው ጠርዙ ያብጣልና ለውጭ አልመክረውም። ቀለም ስትመርጡ ደግሞ ከአፈር የሚወጡት፣ ቡናማው፣ ዳማው፣ የሸክላው ቀይ፣ ፀሐይን ይችላሉ፤ ሐምራዊና ደማቅ ሮዝ ቶሎ ይነጣሉ።

ቀለም በጥባጭ (ሠዓሊ፣ አዲስ አበባ)

የአዳማው ወንድሜ ላሜራ ለክርክራችን መንገድ ከፍቷል። ግድግዳው አንድ ትልቅ ሥዕል መሆኑ ቀርቶ የሰሌዳዎች ተርታ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሰሌዳ የአራት ወይም የአምስት ልጆች ቡድን ይሆናል፤ በሰሌዳቸው ውስጥ የሚሣለውን እነርሱ ይወስናሉ። የሠዓሊዎቹ ድርሻ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው ነገር ነው፦ ሁሉንም የሚያያይዝ የመደብ ቀለም፣ ከሩቅ የሚያነብበው ዓይን የሚሄድበት መስመር፣ የደሴዋ እኅታችን ያለችው የስፌት ሐረግ።

የሙያ ትምህርቱ ግን ይቅር አልልም። ሰሌዳው ከመነካቱ በፊት የንድፍ ልምምድ ይኑር። ልጆቹ አንዱ የሌላውን እጅ ይሣል፤ ጥላ በጠዋትና በቀትር የት እንደሚወድቅ በሜዳው ላይ ይለኩ፤ ትንሹን ንድፍ በአራት ማዕዘን ከፋፍለው ወደ ትልቅ ማስተላለፍን ይማሩ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሒሳብ ነውና የሒሳብ መምህሩም ይግባበት። ከዚህ በኋላ በሰሌዳው ላይ የሚያወጡት ነገር የራሳቸው ነው። ልጁ "ይህ ክንድ ለምን አላማረም?" ብሎ ሠዓሊውን ከጠየቀ ሠዓሊው በሌላ ወረቀት ላይ ሥሎ ያሳየው፤ ብሩሹን ተቀብሎ በልጁ ሰሌዳ ላይ ግን አይሣል። በዚህ መምህርትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

የማልስማማበት አንድ ነገር ቀርቶኛል። መምህርት ስለ ርዕሱ ምንም እንደማይነግሯቸው ጽፈዋል። ታንኳ ሠሪዎቹን ማየት የሚገባቸው ስለ ታንኳ ከማሰባቸው በፊት ነው። ያላየውን ነገር የሚመርጥ ልጅ የለም። ሐይቁን፣ ገበያውን፣ የቀድሞ ተማሪዎችን፣ የአካባቢውን አዛውንቶች ሁሉንም ያሳዩዋቸው፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይሁን።

የሥዕል መምህርት (ባሕር ዳር)

ይህ አሳማኝ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ከወላጅ መምህር ኅብረቱና ከሁለቱ ሠዓሊዎች ጋር ተነጋግረን የደረስንበትን ልጻፍላችሁ።

በግንቦት ልጆቹ በየቡድናቸው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ገበያው፣ በሰፈሩ ለረጅም ዘመን ወደኖሩ ሰዎች ይሄዳሉ፤ የጠየቁትንና የሰሙትን በደብተር ይጽፋሉ፤ ሚኒ ሚዲያው ደግሞ ከሰልፍ በኋላ ያነብበዋል። ርዕሱን ክበቡ በድምፅ ይመርጣል። ክበቡ የራሱ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ስላለው የቀለሙንም ገንዘብ ልጆቹ ራሳቸው ይይዙታል፤ በስኮትላንድ ኬኦል በምትባል መንደር ያለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተማሪዎቹ የሥዕል ክፍሉን እንደ ድርጅት አስተዳድረው፣ ከሠዓሊ ጋር አብረው መሥራታቸውን አንብቤ ድፍረት አገኘሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሰሌዳዎቹ በአዳራሹ ውስጥ ይሣላሉ። የደሴዋ እኅታችን እንዳሉት የሚሰፉ እናቶችን ጋብዘናል፤ ሦስት ፈቃደኛ ሆነዋል።

ሰሌዳዎቹ የሚሰቀሉት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ይህንን ቀን የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ ምክንያታቸውንም ልንገራችሁ። ወንዶቹ በእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ መስጠት ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው፤ ሴቶቹም አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። አሁን አሁን ግን ታትሞ የሚሸጥ ሥዕል ገዝተው ነው የሚዞሩት፤ ይህንንም ከልጆቹ አንዷ በስብሰባ ላይ በቁጭት ተናገረች። ለጎረቤት ሁሉ በእጅ የተሣለ ሥዕል በአንድ ጊዜ እንስጥ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከእርሷ ነው። ልጆች ለማኅበረሰባቸው ሥዕል ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያ አለመሆኑን እኛ አዋቂዎቹ ዘንግተነው ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በሰሌዳዎቹ ላይ ስም እንዴት ይጻፍ? ከሠዓሊዎቹ አንዱ የእርሱና የባልደረባው ስም ከላይ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ከታች ይሁን ብሏል።

ከሎስ አንጀለስ

መምህርት፣ የልጆቹ ስም በሙሉ ይጻፍ፤ ከሠዓሊዎቹ ስም እኩል በሆነ ፊደል፣ በአንድ ዝርዝር፣ በፊደል ተራ። ወላጅ ያልፈቀደለት ልጅ ካለ የመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይበቃል። የልጆቹን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ከማውጣታችሁ በፊትም የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

ከስሙ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነገር አለ። የእኛው ታላቅ ግንብ ፀሐይና ጎርፍ ስለጎዳው እ.ኤ.አ. በ2011 ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። የእናንተ ሰሌዳዎችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መነካካት ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር በምን መጠን እንደተበጠበጠ የክበቡ ጸሐፊ በመዝገብ ይያዝ፤ ከየቀለሙም ትንሽ ትንሽ በደንብ በተከደነ ጣሳ ይቀመጥ። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ያሉት ልጆች መዝገቡን የሚረከቡበትን ቀን አሁኑኑ ወስኑ፤ የሚያድሱት እነርሱ ናቸውና።

የቀለም ቅብ ባለሙያ (አዳማ)

በጣሳው ክዳን ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት። የፕላስቲክ ቀለም ከተከፈተ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ አታምኑት፤ ከሸተተ ይጣል። መዝገቡ ካለ አዲሱን በዚያው መጠን መበጥበጥ ይቻላል።